በር ላይ ያለችው ሁለት ደቂቃ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ደብረ ማርቆስ ዝናቡ አላባራም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከተሰማችሁ ነሐሴ ነውና ይቅር በሉኝ።

ሰሞኑን ምዝገባ ላይ ነን። እኔ የኬጂ መምህርት ነኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ልጅ ሊያስመዘግቡ የሚመጡ ወላጆች ስለ ክፍያው ይጠይቃሉ፣ ስለ ዩኒፎርሙ ይጠይቃሉ። ከዚያ ሊወጡ ሲሉ፣ በሩ ላይ ቆም ይሉና «እንዲያው እዚህ ሲውል ምንድን ነው የሚሠራው?» ይላሉ። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚች ጥያቄ ነው። ለብዙ ዓመት በደንብ አልመለስኋትም ነበር።

በመጀመሪያው ዓመቴ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ክፍሌ ውስጥ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ፊደል ስናነብ አይቀመጥም። ይነሣል፣ ወደ ሰሌዳው ይመጣል፣ እመልሰዋለሁ፣ ደግሞ ይነሣል። አንድ ቀን ደከመኝና መገናኛ ደብተሩ ላይ «ልጅዎ ይረብሻል። ይምከሩት።» ብዬ ጻፍሁ። ፈረምሁና ቦርሳው ውስጥ ከተትሁት።

በማግሥቱ ልጁ መጣ። ደብተሩን ከቦርሳው አወጣና ወንበሩ ላይ አድርጎ ተቀመጠበት። ስጠኝ ብለው አልነሣም አለ። ምን ሆነህ ነው ስለው «እማዬ ገረፈችኝ» አለኝ።

እናቱን ያገኘኋት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ቁጭ ብለን አወራን። ምን እያደረገ እንደሚያስቸግረኝ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «ቤትም እኮ ቴሌቪዥኑ ሥር ካልሆነ አይቀመጥም» አለችኝ። ሐኪም ቤት ወሰደችው፣ መነጽር ታዘዘለት። ልጁ ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው አይታየውም ነበር። እኔ ደብተሩ ላይ የጻፍሁት ፍርድ ነው። «ፊደል ስናነብ አራት ጊዜ ተነሥቶ ወደ ሰሌዳው ቀረበ» ብዬ ያየሁትን ብቻ ብጽፍ ኖሮ፣ እናቱ የዚያኑ ቀን ማታ ነገሩ ይገባት ነበር። ያ ልጅ ባልተገረፈም ነበር። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ሆዴን ይበላኛል።

ከዚያ ወዲህ «ጎበዝ ነው» እና «ያስቸግራል» የሚሉትን ቃላት ደብተር ላይ ጽፌ አላውቅም። የምጽፈው ልጁ ያደረገውን ነው። «ዛሬ ጫማውን ሳይገለብጥ አደረገ።» «ከጓደኛው ጋር በእርሳስ ተጣላ፣ ከዚያ ራሱ መለሰለት።» በቃ፣ አንድ መስመር።

ሌላው የቀኑ ሥርዓት ነው። ይኼ ቀላል ይመስላል። ጠዋት ሰልፍና የሰንደቅ ዓላማ መዝሙር አለ። ከዚያ ፊደል። አራት ሰዓት ላይ እጅ ታጥበን መክሰስ እንበላለን። ከዚያ ጨዋታ፣ ተረት፣ ምሳ፣ እንቅልፍ። ከእንቅልፍ ስንነሣ ፊት እንታጠባለን፣ ትንሽ እንዘምራለን፣ ወላጅ ይመጣል። ይኼንን ለምን ለወላጅ እንደምነግር ልንገራችሁ።

መስከረም ላይ ልቅሶ ነው። በር ላይ እናት ልጇን አቅፋ «ዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ፣ እሺ የኔ ጌታ?» ትላለች። የአራት ዓመት ልጅ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም። ለእሱ ሰዓት ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው ያለው፤ ከዚህ ቀጥሎ ያ። ስለዚህ እናትየዋ «ተኝተህ ስትነሣ፣ ፊትህን ስትታጠብ፣ እኔ በሩ ላይ ነኝ» ስትለው ይገባዋል። እንዲህ ለማለት ግን የቀኑን ሥርዓት ማወቅ አለባት። እኛ ካልነገርናት ከየት ታምጣው?

ባለፈው ዓመት አያቱ የሚያመጡት ልጅ ነበረኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አለቀሰ። እማማ ከበሩ አይሄዱም፣ እሱ እሳቸውን እያየ ያለቅሳል። አንድ ቀን እሳቸውን ክፍሉ ውስጥ አስገብቼ ምንጣፉን፣ የሚተኛበትን ቦታ፣ ፊት የሚታጠብበትን ባልዲ አሳየኋቸው። «እዚህ ነው የምትተኛው?» አሉት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ከዚህ ስትነሣ እኔ ደርሻለሁ» አሉት። በአራተኛው ቀን ልቅሶው ቆመ።

አሁን ወደ ጭቃው ልምጣ። ልጆቹን ጭቃ እናጫውታቸዋለን፤ ይኼ የብዙ ወላጅ ቅሬታ ነው። ልብሱ ለምን ቆሸሸ፣ ስንገባ ጨዋታ፣ ስንወጣ ጨዋታ። አንድ አባት መጡ። ከገጠር ነው የመጡት፣ ልጃቸው ከተማ አክስቱ ዘንድ ነው የሚኖረው። በጣም ተቆጥተዋል። «መምህርት፣ እኔ ልጄን ጭቃ ይጫወት ብዬ አይደለም የከፈልሁ» አሉኝ። «እኔ በእሱ ዕድሜ ሀሁን ጨርሼ ነበር።»

የት ነው የተማሩት ስላቸው ቄስ ትምህርት ቤት አሉኝ። ጎጃም ነውና አይገርምም። ከየኔታ ፊት በስንደዶ ፊደሉን እየነኩ ነው የተማሩት። «ሀሁን ከጨረሱ በኋላ ምን አስተማሯችሁ?» አልኋቸው። «አቡጊዳ» አሉ። «ለምን?» አልሁ። ትንሽ አሰቡና «ሀሁን በቃላችን ይዘነው ነበራ! በዜማ ስንል እንሄዳለን፣ አንዱን ነጥለው ሲነኩብን ግን እናጣዋለን» አሉኝ።

ይኼው ነው! አቡጊዳ ፊደሉን ያተራምሰዋል። አ ከግዕዙ፣ ቡ ከካዕቡ፣ ጊ ከሣልሱ፣ ዳ ከራብዑ፣ እያለ ሄ ው ዞ ድረስ ይሄዳል። ልጁ በዜማው ተሸክሞ እንዳይሄድ፣ እያንዳንዱን ፊደል ዐይቶ እንዲለይ ነው። የድሮ መምህራን ይኼንን ካወቁት ብዙ ዘመን ሆኗል። እኔም የማደርገው እሱኑ ነው አልኋቸው። ልጅዎ ከጭቃው «በ»ን ሲሠራ፣ ከሌላ ፊደል ነጥሎ አውቋታል ማለት ነው። ደግሞ ጭቃ የሚያድቦለቡለው በአውራ ጣቱ፣ በሌባ ጣቱና በመሐል ጣቱ ነው። እርሳስ የሚይዙትም እነዚያው ጣቶች ናቸው። ጣቱ ሳይጠነክር እርሳስ ብንሰጠው እጁ ይደክመዋል፣ ከዚያ መጻፍ ይጠላል።

አባትየው ዝም ብለው ሰሙኝ። «እና ቤት ሲመጣ ምን ላድርግለት?» አሉኝ። ባቄላ እንዲፈለፍል ይስጡት አልኋቸው። ገበጣ ያጫውቱት፣ ጠጠሩን እየቆጠረ ይዘር። ፊታቸው ፈካ። የቤታቸው ነገር ትምህርት ሆኖ መቆጠሩ ደስ አላቸው መሰለኝ።

ወላጅን የምናጣው በእኛው ቋንቋ ስናወራ ነው። «የጥቃቅን ጡንቻዎች ዕድገት» ብለን ወረቀት እንልካለን። ማን ያንብበው? ባቄላ መፈልፈል ስንል ግን ሁሉም ያውቃል። በ2002 ዓ.ም የወጣው የቅድመ ልጅነት ብሔራዊ ማዕቀፍ እንኳ ከአራቱ ምሰሶዎች የመጀመሪያውን ለወላጆች ትምህርት ነው የሰጠው። ወረቀቱ ላይ አለ። እኛ ነን በር ላይ መተግበር ያቃተን።

ቴሌግራምስ? አለን፣ የክፍሉ ግሩፕ አለ። ጥሩ ነው፣ ማንበብ ለማይችሉ በድምፅ እልካለሁ። የልጆቹን ውጤት ግን እዚያ አልለጥፍም፣ ማንም ሲለጥፍ ማየትም አልወድም። ወዲያው የማን ልጅ ቀደመ ነው የሚሆነው። ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ግሩፑ ዝም አለ። ያኔ የቀረልን ደብተሩና በሩ ነበር።

በሩ ላይ ለሠላሳ ወላጅ በአንድ ቀን ማውራት አይቻልም። ስለዚህ በቀን ስድስት ልጅ እመርጣለሁ። ቀኑን ሙሉ እነሱን ለየት አድርጌ አያለሁ። ሲወጡ ለስድስቱ ወላጆች ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ ያየሁትን እነግራለሁ። በሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። አባት ካልመጣ ለአያት፣ አያት ካልመጣች ለታላቅ እኅት። ነግሬ ስጨርስ ደግሞ እጠይቃለሁ፤ ቤት ምን አደረገ? መጀመሪያ ሰሞን ይደናገጣሉ፤ ልጁ አጥፍቶ የተጠየቁ ይመስላቸዋል። ቆይተው ይለምዱታል።

እማማን ትዝ አሏችሁ? ማንበብ አይችሉም። ግን ማታ ማታ የልጅ ልጃቸውን እንቆቅልሽ ያጫውቱታል። ይኼንን በሩ ላይ ሲነግሩኝ፣ እማማ ይኼማ ትልቅ ትምህርት ነው አልኋቸው። ልጁ የነገሩን ስም ሳይጠራ መልኩን መናገር እየተማረ ነው። «እንደው ጨዋታ ነው ልጄ» አሉኝ። አይደለም አልሁ፣ አያቋርጡ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሊዘጋ ሲል የልጁን ደብተር ገለጥሁ። አምስተኛ ክፍል ያለችው እኅቱ በእስክርቢቶ ጽፋበታለች። እንዲህ ይላል፤ «ለሚስ፦ ትናንት ማታ እማማን በእንቆቅልሽ ረታት። አገር ስጪኝ አላት። ጎጃምን ሰጠችው። አልፈልግም፣ ደብረ ማርቆስን ብቻ ስጪኝ አለ። ለምን ብንለው፣ ክፍሌ እዚያ ነው አለን።»