ከችግኙ በፊት ነፋሱን

የተከበራችሁ የጓሮ አትክልት ወዳጆች፣ እንደምን ዋላችሁ።

በባሕር ዳርቻ ከተማ በጋው ሲገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ችግኝ ነው። ከችግኙ በፊት ግን መታሰብ ያለበት ነፋሱ ነው። ከባሕር የሚነሳው ነፋስ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ጨው ቅጠል ላይ ሲያርፍ ጠርዙን አቃጥሎ ቡናማ ያደርገዋል። ይህን በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ትርፉ ወጪ ብቻ ነው።

ድፍን ግንብ መፍትሔ ይመስላል፤ አይደለም። ነፋሱ ግንቡን ዘልሎ ከኋላው እየተሽከረከረ ይወርድና ችግኙን ይሰብራል። ግማሽ ያህሉን ነፋስ የሚያሳልፍ መረብ ወይም የቀርከሃ አጥር ይሻላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከሆነ ከኋላው ያሉትን 5 ሜትር ያህል መደቦች በደንብ ይከልላል፤ ከዚያ እየራቀ ሲሄድ ጉልበቱ ይቀንሳል። ፎሶሊያ፣ ካሮትና ሽንኩርት ጨው ስለማይችሉ እዚያው ከአጥሩ ጥግ ይሁኑ። ቆስጣና ቀይ ሥር ይችላሉ፤ ወጣ ብለው ቢተከሉ ግድ የለም።

አፈሩ አሸዋማ ከሆነ ውሃም ምግብም አይዝም። ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በደንብ የበሰለ ኮምፖስት አልብሳችሁ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቀላቅሉት።

የቀኑ ሙቀት አያታላችሁ። ባሕር ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ አፈሩና ሌሊቱ ገና ቀዝቃዛ ሊሆኑ ይችላሉ። ጠዋት ቴርሞሜትር አፈር ውስጥ አስገቡ፤ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ የፎሶሊያ ዘር ሳይበቅል ይበሰብሳል። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ ቲማቲም አበባውን ያራግፋል።

ችግኙን ከ7 እስከ 10 ቀን ከውጭው አየር ጋር አለማምዱት፤ መጀመሪያ ጥላ ሥር ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት፣ ከዚያ በየቀኑ እየጨመራችሁ። ተከላው አመሻሽ ላይ ይሁን። የቲማቲምን የታች ቅጠሎች ቆርጣችሁ ግንዱን በጥልቀት ቅበሩት፣ ከተቀበረው ግንድ ሥር ይወጣል። በመካከላቸው ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ተዉ። ድጋፉን በዚያው ዕለት ትከሉ፤ በኋላ ሲተከል ሥር ይበጥሳል። ቃሪያ በነበረበት ጥልቀት ይተከል፣ ርቀቱ 45 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል።

በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ ሥሩን ከላይ ያስቀረዋል። ውሃው ወደ ታች እስኪዘልቅ አጠጡ፣ የላዩ አፈር ሲደርቅ ድገሙ፤ 5 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝም አልብሱት። አንድ ሳምንት ተጠምቶ በማግሥቱ የሚጥለቀለቅ ቲማቲም ካልሲየም ወደ ፍሬው በወጉ ስለማይደርስለት የፍሬው ጫፍ ጠቁሮ ይበሰብሳል። ይህን ብዙዎች በማዳበሪያ ሊያክሙት ይሞክራሉ፤ ችግሩ ያለው አጠጣጡ ላይ ነው።

ጉምና እርጥበት ሻጋታ ስለሚያመጡ ውሃውን ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አታፍስሱ። ከዚህ የሚለየው ጨው ያዘለ ብርቱ ነፋስ ያደረበት ጠዋት ነው። ያን ቀን ፀሐይ ሳይበረታ ቅጠሉን በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ እስኪመሽም ይደርቃል።

አመሰግናለሁ፤ አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።