ቁራችንን ሣሉልን
(በልጆች መጻሕፍት ዐውደ ርእይ መክፈቻ ላይ የተነበበ፣ ባሕር ዳር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ሠዓልያንና አሳታሚዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

አዘጋጆቹ ስለ ልጆች ንባብ ተናገር ብለውኛል። እኔ የመጣሁት ግን ስለ ሥዕል ላወራ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የግጥም ተረት መጽሐፍ ይዤ ክፍል ገባሁ። የቁራውና የቀበሮው ተረት ነው። ግጥሙ ቤት ይመታል፣ ልጆቹ ወዲያው ያዙት። ከዚያ ሥዕሉን አሳየኋቸው። ዛፉ በረዶ ለብሷል። ቁራው በአፉ ቢጫ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ነገር ይዟል። ከፊት የተቀመጠች ልጅ «ዛፉ ላይ ያለው ጥጥ ነው?» አለች። አንዱ ደግሞ ብድግ ብሎ «ቲቸር፣ ይሄ ቁራ አይደለም፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ የለውም» አለኝ። እውነቱን ነው! የኛ ቁራ ምንቃሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ነጭ ነው። ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ያርፋል። ልጁ ያውቀዋል፤ መጽሐፉ አያውቀውም። ክፍለ ጊዜው በዚያች ወፍ ክርክር አለቀ። ግጥሙ ተረሳ።

አሳታሚውን አግኝቼ ጠየቅሁት። «ሥዕል ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ ለምን እከፍላለሁ?» አለኝ።

ለምን እንደሆነ ልንገረው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ላ ፎንቴን የቁራውና የቀበሮው ተረት ያለበትን፣ የመጀመሪያዎቹን የግጥም ተረቶቹን እ.ኤ.አ. በ1668 ሲያሳትም፣ መጽሐፉ ከፍራንሷ ሾቮ ሥዕሎች ጋር ነው የወጣው። ኋላ የኡድሪ ሥዕሎች ያሉበት እትም ከ1755 እስከ 1759 በ4 ትልልቅ ቅጾች ታተመ፤ ሥዕሎቹ ከ270 በላይ ናቸው። ኡድሪ የንጉሥ ሉዊ 15ኛን የአደን ውሾች የሣለ ሰው ነው። እንስሳ ያውቃል። በ1894 ደግሞ ቶክዮ ላይ እነዚያኑ ተረቶች የጃፓን ሠዓልያን በራሳቸው አሣሣል ሣሏቸው። ከፈረንሳይ አልገለበጡም!

እኛስ? ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» እንስሳትን በአማርኛ ግጥም ካናገሩልን ስንት ዘመን ሆነ! ሥዕል አናውቅም እንዳንል፣ በጀልባ ዘጌ ብንሻገር የኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው። ጉማሬው ጣና ውስጥ፣ ታንኳው ደጃችን። ይህ ሁሉ እያለን የጣና ልጅ የሰው አገር በረዶ ይገላብጥ? ያሳፍራል!

አሳታሚዎች፣ ለሠዓሊ ክፈሉ። ስሙንም ከገጣሚው እኩል ሽፋኑ ላይ አውጡት። መምህራንና ወላጆች፣ ከመግዛታችሁ በፊት ገልጣችሁ ሥዕሉን እዩ።

የባሕር ዳር ሠዓልያን፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ናችሁ። እስቲ ተነሱ፣ አሳታሚዎቹ ይዩአችሁ!