ምሬቱ እንዴት ይሄዳል? ሆፕ የበዛበትን ቢራ በጣና ዳር መቅመስ

(ምስል፦ ባሕር ዳር፣ ረፋድ። ከሐይቁ ዳር ጠረጴዛ፤ ቡናማ ጠርሙስና ንጹሕ ብርጭቆዎች።)

ጠርሙሱን ከፀሐይ አንሡልኝ። ሐይቁን ፊት ለፊት እያዩ መቀመጥ ደስ ይላል፤ ሆፕ የተባለው መራራ አበባ ለበዛበት ቢራ ግን ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። ብርሃን የሆፕን መራራ ንጥረ ነገር ይሰብርና ድኝ ያለበት ውህድ ይፈጥራል፤ ሽታው የተቃጠለ ጎማ ያስታውሳል። ቡናማ ጠርሙስ ብርሃኑን በደንብ ይከላከላል፤ አረንጓዴውና ነጩ ግን እምብዛም። ብርጭቆ ውስጥ ከተቀዳማ ጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ይበቃዋል። ስለዚህ ዋርካው ጥላ ሥር እንግባ።

ዛሬ የምንቀምሰው አይፒኤ የሚባለውን ሆፕ የበዛበት ቢራ ነው፤ ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣልኝ። ብዙ ሰው አንዴ ይጎነጭና “መረረኝ” ብሎ ያስቀምጠዋል። ቡናም ይመራል፣ ጠላም ይመራል፣ ግራዋም ይመራል፤ ሦስቱን ግን የሚያምታታ የለም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ምሬቱ ከገባ በኋላ እንዴት ይሄዳል?

(ምስል፦ የሆፕ አበባ ከቅርብ፤ ቀጥሎ የጌሾ ቅጠል።)

ሆፕ ሐረግ ነው። ለቢራ የሚፈለገው የሴቴው ተክል አበባ ሲሆን፣ በቅርፊቶቹ መካከል ቢጫ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ፤ ሙጫና ዘይት የያዘ። ሙጫው ምሬት ይሰጣል፤ ይህን የሚያደርገው ግን እሳት ባሕርዩን ሲለውጠው ነው። ዘይቱ መዓዛ ነው፤ እርሱን ደግሞ ያው እሳት ያተንነዋል። የጠማቂው ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለምሬት የሚሆነውን ሆፕ ከመጀመሪያው ያፈላዋል፤ ለመዓዛ የሚሆነውን እሳቱ ሊጠፋ ሲል፣ አልፎ ተርፎም ቢራው ከተብላላ በኋላ በቀዝቃዛው ይነክረዋል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እዚህ የሚጠምቅ ሰው ያንኑ ምሬት ለማግኘት ሆፕ መጨመር ወይም ረዘም አድርጎ ማፍላት ይኖርበታል።

የእኛ ጌሾ ከሆፕ ጋር በዘር አይዛመድም። ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉም እንጨቱም ለጠላ ይገባል። በጀልባ ተሻግረን የምንደርስባት ዘጌ በሬ የማይጠመድባት፣ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ የኖረች ምድር ናት። ጌሾ ምሬቱን ይሰጣል እንጂ የአበባና የፍሬ መዓዛ አያመጣም፤ የጠላ ሽታ የሚመጣው ከአሻሮውና በወይራ ከታጠነው ጋን ነው። ስለዚህ ጠላ ያደገበት ሰው ምሬትን መመርመር ያውቅበታል። አዲስ የሚሆንበት የሆፕ መዓዛ ነው፤ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ለእርሱ ነው።

ዓሣው ገና አይምጣ። የተጠበሰ ዓሣ የበላ ከንፈር ብርጭቆውን ሲነካ ቅባቱ አረፋውን ያጠፋዋል፤ መዓዛውን ወደ አፍንጫ የሚያደርሰው ደግሞ አረፋው ነው። ቢራውም በረዶ የመሰለ አይሁን። ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ይበቃል፤ ከዚያ በታች ሽታው ይተኛል።

(ምስል፦ ቢራው ይቀዳል።)

ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ብቻ ቅዱ፤ አዙሩትና ወዲያው አሽትቱ። ቶሎ የሚበኑት መዓዛዎች ቀድመው ያመልጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 ከአሜሪካ ኦሪገን የወጣው ካስኬድ የተባለ የሆፕ ዝርያ የግሬፕፍሩትና የአበባ ሽታ አለው፤ እኔን የትርንጎ ልጣጭ በጥፍር ሲጫር ያስታውሰኛል። ሌሎች ዝርያዎች የበሰለ ማንጎ ይሸታሉ፣ አንዳንዶቹ የጥድ ሙጫ። የፈረንጅ ቃል አትዋሱ፤ ከገበያችሁ የምታውቁትን ሽታ ጥሩ። የተቀቀለ በቆሎ ወይም ቅቤ ከሸተታችሁ የአጠማመቅ ጉድለት ነው። እርጥብ ካርቶን ከሸተታችሁ ቢራው አርጅቷል።

የቢራ ዳኞችን የሚፈትነውና እ.ኤ.አ. በ1985 የተመሠረተው ቢጄሲፒ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ቢራን ከ50 ነጥብ ይመዝናል፦ ሽታ 12፣ መልክ 3፣ ጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ያለው ስሜት 5፣ አጠቃላይ ግምት 10። ጠላን “የዶሮ ዓይን የመሰለ” ብለን ለምናወድስ ሰዎች ለመልክ 3 ብቻ መሰጠቱ ሊያስገርመን ይችላል። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ፤ ሆን ተብለው እንደ ጉሽ የሚደፈርሱ አይፒኤዎች አሉና።

አሁን ጠጡ። አትትፉት፤ ቢራ ቀማሽ ይውጣል፤ ምሬት ከዋጡ በኋላ ነው ልኩን የሚያሳየው። ምሬት በቁጥርም ይለካል፤ የአሜሪካ አይፒኤ በተለመደው የምሬት መለኪያ ከ40 እስከ 70 ይደርሳል፤ “ላገር” ከሚባሉት፣ በቀዝቃዛ ከሚብላሉት ቢራዎች ቀለል ያሉት ብዙዎቹ ከ25 አይበልጡም። ቁጥሩ ግን ምላስን አይተካም፤ የብቅሉ ጣፋጭነት ከበረታ 60 የሆነው ለስላሳ ሊመስል ይችላል።

ዋጡና በቀስታ እስከ 30 ቁጠሩ። ጥሩ ምሬት ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ ምላስን ያጸዳል፣ ከዚያ እየሳሳ ሄዶ ሌላ ጉንጭ ያስመኛል። መጥፎው ይሻክራል፤ ያልበሰለ ሙዝ እንደሚያደርገው አፍን ጨምድዶ ይይዛል። ያ ምሬት አይደለም፣ መጨምደድ ነው። ብዙ ሰው አይፒኤን የሚጠላው ሁለቱን ሳይለይ ይመስለኛል።

ጠላ በመጥመቅ ልጆች ያሳደጉ ጎረቤቴን አንድ ብርጭቆ ቀዳሁላቸው። እትዬ አሽትተው ፈገግ አሉ፤ ጠጡ፤ ሐይቁን እያዩ ዝም ብለው ቆዩ።

“ሽታው ደስ ይላል ልጄ። ምሬቱ ግን ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ አልነሣ አለኝ።”

ደግሜ ጠጣሁና ቆጠርኩ። 30 አልፎም ምሬቱ እዚያው ነበር፤ መዓዛው ማርኮኝ ሳላስተውለው ቀርቻለሁ።

(ምስል፦ የነጥብ ወረቀት፤ እጅ ሲጽፍ።)

ሽታ 7፤ ጠርሙሱ ላይ የታሸገበት ቀን አምስት ወር አልፎታል፣ ከሆፕ ቢራ ቀድሞ የሚሸሸው መዓዛው ነው። መልክ 3። አፍ ውስጥ 4። አጠቃላይ 6። ጣዕም ላይ 16 ጽፌ ነበር፤ ሰርዤ 14 አደረግሁት። ድምር 34።

ዓሣው አሁን ይምጣ።