ባለጉዳይን በአንድ ቀን መሸኘት

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

የመዝገብ ቤት ሰው ማይክ ሲይዝ ብርቅ ነው። አላስረዝምም፣ አብሽሩ።

በመሥሪያ ቤታችን አጠራር «ድጋፍ ሰጪ» ነን። ጥበቃው፣ ጽዳቷ፣ ተላላኪው፣ ጸሐፊዋ፣ ፋይል መሀል አቧራ ስንበላ የምንውለው እኛም። እኔ በዚህ ሥራ እኮራለሁ።

ኃላፊ ደብዳቤ ይፈርማል። ፊርማው ብቻውን ግን የትም አያደርስም። ወጪ ተደርጎ ቁጥርና ቀን ካልተጻፈበት፣ ማህተም ካላረፈበት፣ የሚቀበለው መሥሪያ ቤት «አስተካክለህ ና» ነው የሚለው። ባለጉዳዩ ደግሞ እዚሁ ደሴ ካሉት ሰፈሮች፣ ከሙጋድ ወይ ከሰኞ ገበያ ብቻ አይመጣም። ከየወረዳው፣ ከለጋምቦ፣ ከወረኢሉ፣ ከደላንታ ይመጣል። አንዲት «ነገ ተመለስ» ለእሱ የአልጋ፣ የምግብና የመኪና ወጪ ናት። ብርዱን ተዉት፤ የደሴን ሌሊት ታውቁታላችሁ።

እኔም ባለጉዳይ ሆኜ አይቼዋለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ሰውዬው ስልኩን እየነካካ፣ ቀና እንኳ ሳይል «ኃላፊው የሉም» አለኝ። መቼ ይመለሳሉ? እሱን አልነገረኝም። ቢነግረኝ ምን ይጎድልበት ነበር?

አሁን ስለ አንድ መምህር ላውራላችሁ። ጡረታ መውጫቸው ደረሰ። 60 ዓመት የሚቆጠረው ደግሞ መጀመሪያ ሲቀጠሩ ባስመዘገቡት የልደት ዘመን ነው። ያ ፎርም ያለው ማህደራቸው ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ሰነዶቻችን ምን እንደሆኑ አይታችኋል፤ ወለል ላይ ተበትነው፣ ተረግጠው። የእሳቸው ማህደርም የለም። ፈለግን፣ የለም።

ያወጣችን ጽዳት የምትሠራ እህታችን ናት። ቢሮውን ስትጠርግ ማህተም ያየችበትን ወረቀት ሁሉ በማዳበሪያ ጆንያ እየሰበሰበች አስቀምጣ ኖሯል። ማንም አላዘዛትም። የመምህሩ የቅጥር ደብዳቤና ፎርም ከዚያ ጆንያ ወጣ። ሰውየው እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። እሷ «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምን አደረግሁ» ብላ መጥረጊያዋን አንስታ ወጣች። በሥራ አፈጻጸም ምዘናችን ላይ ለዚህ ነጥብ የሚሰጥ መስፈርት የለም። ይኼ ያናድደኛል።

መርዳት ስል ታዲያ ዘመድን ከሰልፍ ማስቀደም ማለቴ አይደለም። ያማ ከኋላ የቆመውን መበደል ነው። «የሻይ» የምትባለዋም እንደዚያው። ፋይል ለመፈለግ ደመወዝ ይከፈለናል።

ኃላፊዎቻችንን ሁለት ነገር ልለምን። ለየጉዳዩ የሚያስፈልገው ማስረጃ በር ላይ በትልቁ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችል ጥበቃው ይንገረው፤ ለጥበቃውም አስቀድሞ ይነገረው። ሌላው አግዳሚ ወንበር ነው። እናቶች ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፈው ይውላሉ። መጋዘን ውስጥ የተሰባበረ ወንበር ሞልቷል። አናጺ ካገኛችሁልን ቅዳሜ መጥተን እናግዛለን።

አመሰግናለሁ።