የወደቀው ዘር ገና አልደረሰም፦ ጊንኮን ከዘር ለቦንሳይ ማሳደግ

[ምስል፦ በወርቃማ ቅጠል የተሸፈነ መሬት። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ብርቱካንማ ኳሶች ይጠጋል።]

ቅጠሉ መሃል የምታዩዋቸው ኳሶች የጊንኮ ዛፍ ዘሮች ናቸው፤ መልካቸው ያጓጓል። አንዷን ብትረግጧት ግን አፍንጫችሁን ይዛችሁ ትሸሻላችሁ። የተበላሸ ቅቤ ትሸታለች። እያጋነንኩ አይደለም፤ ቅቤ ሲበላሽ የሚሸተው ቡቲሪክ አሲድ እዚህም ውስጥ አለ። ብዙ ከተሞች ለመንገድ ዳር ወንዱን ዛፍ ብቻ እየመረጡ የሚተክሉት ይህን ሽታ ሽሽት ነው። ለዘር ለቃሚ ግን ሽታው ጥሩ ዜና ነው፦ ሴቷ ጊንኮ እዚህ ቆማለች ማለት ነው።

ዛሬ ይህን ዘር ለቅመን፣ አጥበን፣ አብቅለን ወደ ቦንሳይ መንገድ እናስገባዋለን፤ ቦንሳይ ማለት በማሰሮ ውስጥ እየተገረዘ ትንሽ ሆኖ የሚያድግ ዛፍ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ተገቢ ጥያቄ አለ፦ ለምን ከዘር? ከቅርንጫፍ ቁራጭ ማብቀል ይቻላል። ግንዱ የወፈረ ዛፍ ገዝቶ ማሳጠርም ይቻላል። ሁለቱም ዓመታት ያተርፋሉ።

[ምስል፦ ትልቅ ቅርንጫፍ የተቆረጠበት የጊንኮ ግንድ፤ ቁስሉ ደርቆ ክፍት እንደሆነ ይታያል።]

መልሱ እዚህ ቁስል ላይ አለ። ሌሎች ብዙ ዛፎች ቅርንጫፍ ሲቆረጥባቸው የቁስሉ ዳር እያበጠ፣ እየተጠቀለለ በጥቂት ዓመታት ይገጥማል። ጊንኮ በዚህ ሰነፍ ነው። ትልቅ ቁስል ከሆነ ለረጅም ዓመታት እንደተከፈተ ይዞት ይኖራል። ስለዚህ ወፍራም ግንድ ቆርጣችሁ ስታሳጥሩ የምትገዙት ጠባሳም ጭምር ነው። ከዘር ስትጀምሩ ግን ሥሩን ገና ክር ሳለ፣ ግንዱን ገና እርሳስ ሳያክል ታበጃጁታላችሁ። እኔ ጊንኮን ከዘር የማሳድገው ለዚህ ብቻ ነው። በሌላው ነገር ሁሉ አዝጋሚው መንገድ ይኼኛው ነው።

ምን ያህል አዝጋሚ? ቻይናውያን ዛፉን «ጎንግሱንሹ» ይሉታል፤ የአያትና የልጅ ልጅ ዛፍ ማለት ነው። አያት ይተክላል፣ ፍሬውን የልጅ ልጅ ይለቅማል። ከዘር የበቀለ ጊንኮ ዘር ለመስጠት 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ደግነቱ ለቦንሳይ ዘር እስኪሰጥ አንጠብቅም። ችግኛችሁ ወንድ ይሁን ሴት የምታውቁትም ያኔ ነው። ባለ ሦስት ጠርዝ ዘር ወንድ፣ ባለ ሁለት ጠርዝ ሴት ይሆናል የሚሉ ሰዎች ያጋጥሟችኋል፤ እኔ አላምንበትም፣ ጠርዝ ስቆጥርም አልውልም።

[ምስል፦ ለሁለት የተከፈለ ዘር። ሥጋው፣ ነጩ ጠንካራ ቅርፊት፣ ስስ ቡናማ ሽፋን፣ መሃል ላይ አረንጓዴ ቢጫ ሥጋ።]

ፍሬ አልኩ እንጂ፣ ነገሩ ፍሬ አይደለም። ጊንኮ እንደ ጥድ ዓይነቶቹ ሁሉ ዘሩን በፍሬ ውስጥ አይሸሽግም። የሚሸተው ለስላሳ ሥጋ የዘሩ የራሱ የውጭ ልባስ ነው። ከሥሩ ነጭ እንደ አጥንት የጠነከረ ቅርፊት አለ፤ በውስጡ ለሽሉ የተዘጋጀ ስንቅ። ይህ ስንቅ አረንጓዴነት ያለው መሆኑን ልብ በሉ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። ዘሩ ወድቋል፣ ቅጠሉም ረግፏል፤ ስለዚህ ደርሷል ብለን እናስባለን። አልደረሰም።

የወንዱ ዛፍ ብናኝ በነፋስ ተጭኖ ሴቷ ጋ የሚደርሰው ሙቀት እንደተመለሰ፣ ቅጠል በሚወጣበት ሰሞን ነው። እዚያ ይገባና ይቀመጣል። አራት አምስት ወር ያህል እዚያው ይቆያል። ከዚያ የሚሆነው ነገር ከዛፍ የሚጠበቅ አይደለም፦ የወንዴ ሕዋሶች ተለቀው፣ ፀጉር መሰል መቅዘፊያቸውን እያርገበገቡ በጠብታ ፈሳሽ ውስጥ ዋኝተው ወደ እንቁላሉ ይሄዳሉ። ይህን መጀመሪያ ያየው እ.ኤ.አ. በ1896 በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሳኩጎሮ ሂራሴ ነው፤ ዘሩን የወሰደበት ዛፍ በኮይሺካዋ የዕፅዋት መናፈሻ ዛሬም ቆሟል።

ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ፅንሰቱ የሚሆነው ዘሩ ሊወድቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከመሬት የምታነሱት ዘር ቅርፊቱና ስንቁ የሞላ፣ ሽሉ ግን ገና ሚጢጢ የሆነ ነው። በቀጥታ ፍሪጅ ውስጥ ከከተታችሁት ሽሉ ሳያድግ ብርድ ላይ ይቆማል። እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ በበነጋው ዓመት የዘራሁትን ረስቼው ሳለ ሦስት ችግኝ ብቻ ብቅ አሉ።

[ምስል፦ ጓንት ያደረጉ እጆች ዘር ሲለቅሙ፤ ባልዲ፤ ውሃ።]

ለቀማ። ጓንት ሳታደርጉ አትንኩ። ሥጋው ውስጥ ያለው ጊንክጎሊክ አሲድ ቆዳ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ አንዳንድ ሰው ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ያወጣል። ከተቻለ አቅራቢያው ወንድ ዛፍ ካለበት ልቀሙ፤ ሴቷ ብቻዋን ስትሆን መልኩ ያማረ፣ ውስጡ ግን ሽል የሌለው ዘር ልትጥል ትችላለች።

ለቅማችሁ ስትመለሱ ባልዲ ውስጥ በውሃ ዘፍዝፋችሁ አንድ ሁለት ቀን ተዉት። ሥጋው ሲላላ በጓንት እያሻችሁ አውልቁት፣ ውሃውን እየለዋወጣችሁ አጥሩት። ይህን ደጅ ላይ አድርጉ። ቤት ውስጥ የሞከርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሽታው ከእኛ ጋር ሰነበተ። ሥጋው ሳይወልቅ አይተከልም ወይ ካላችሁ፣ መተከል ይችላል፤ ግን ሻጋታ ይጠራል፣ ማብቀሉንም ያዘገያል።

የጠራውን ዘር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ጣሉት። የሰመጠውን ያዙ፣ የሚንሳፈፈው አብዛኛው ባዶ ነው። ከሰመጡት አንድ ሁለቱን መሥዋዕት አድርጋችሁ ስበሩ፤ ውስጡ የሞላና አረንጓዴ ቢጫ ከሆነ ቀሪው ተስፋ አለው። የተኮማተረ ወይም የጠቆረ ከሆነ ሌላ ዛፍ ፈልጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በቻይናና በጃፓን ይህ ዘር በስሎ በጥቂቱ ይበላል። ነገር ግን የቫይታሚን ቢ6ን ሥራ የሚያውክ መርዝ ስላለው፣ ብዙ የበላ ሰው፣ በተለይም ሕፃን፣ እስከ መንቀጥቀጥ ሊደርስ ይችላል። ዘሩን ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ።

[ምስል፦ እርጥብ አሸዋና ዘር የያዘ ፌስታል፤ በላዩ ቀን የተጻፈበት።]

አሁን ለሽሉ የጎደለውን ጊዜ እንስጠው። ዘሩን ከእርጥብ አሸዋ ወይም ከፐርላይት (ለተክል ከሚውል ነጭ ቀላል ጠጠር) ጋር ፌስታል ውስጥ አድርጉ። እርጥበቱ፦ አሸዋውን ጨብጣችሁ ስትጨምቁት ውሃ ካንጠባጠበ በዝቷል። ፌስታሉን እንደ ታሸገ ሳይሆን አየር እንዲያገኝ ትንሽ ክፍት ተዉት። ከዚያ በመጀመሪያ ሙቀት፦ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ከስድስት እስከ አሥር ሳምንት። ሽሉ የሚያድገው በዚህ ጊዜ ነው። ቀጥሎ ብርድ፦ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ወር። ብርዱ ዘሮቹ በአንድ ሰሞን ተቀራርበው እንዲበቅሉ ይረዳል። በመሃል እየከፈታችሁ ተመልከቱ፤ ሻጋታ የያዘውን ዘር አጥቡት፣ የለሰለሰውን ጣሉት። ዘሩ ፈጽሞ እንዳይደርቅ ተጠንቀቁ፤ መደርደሪያ ላይ ደርቆ የከረመ የጊንኮ ዘር አብዛኛውን ጊዜ ሞቷል።

ለመዝራት ስትነሡ ቅርፊቱን በመጠኑ ስንጥቅ ማድረግ ማብቀሉን ያፋጥናል። በመጠኑ ማለቴ «ቀጭ» እስኪል ብቻ ነው፤ ውስጡ ከተጫረ መበስበስ ይጀምራል። እጃችሁን ካላመናችሁ ተዉት፤ ሳይሰነጠቅም ይበቅላል።

[ምስል፦ በጎኑ የተኛ ዘር፤ ነጭ ሥር ወደ ታች ወጥቶ።]

በጎኑ አስተኝታችሁ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር አፈር አልብሱት። አፈሩ ውሃ የማይቋጥር፣ ጠጠርነት ያለው ይሁን። መጀመሪያ የሚወጣው ሥር ነው፤ ግንዱ እስኪታይ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ምንም አልወጣም ብላችሁ በጣት አትቆፍሩ፤ የሥሩ ጫፍ ከተሰበረ እናንተ ናችሁ ያደረጋችሁት። ግንዱም ብቅ ሲል ዘሩ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ የዘር ቅጠሎቹ ቅርፊቱ ውስጥ ሆነው ስንቁን ወደ ችግኙ ይልካሉ። ስለዚህ «ቅርፊቱን ላውልቅለት» የሚል ርኅራኄ ይቅር።

የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች አይታችሁ የሌላ ዛፍ ዘር ቀላቅዬ ይሆን እንዴ እንዳትሉ። የችግኝ ቅጠል መሃሉ በጥልቀት የተሰነጠቀ ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1771 «ቢሎባ»፣ ባለ ሁለት ክፍል፣ ብሎ ስም የሰጠው በዚህ ቅርጽ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ላይ ያለው «ጊንክጎ» የሚለው አጻጻፍ ደግሞ ከኤንግልበርት ኬምፕፈር የመጣ ነው፤ ጃፓን የኖረ ጀርመናዊ ሐኪም ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1712 ያሳተመው መጽሐፍ ላይ ሳይሳሳት አልቀረም፣ ስሕተቱም ስም ሆኖ ጸደቀ።

የመጀመሪያውን ዓመት ከቀትር ፀሐይ ከልሉት። ከዚያ በኋላ ሙሉ ፀሐይ ይወዳል።

[ምስል፦ ከማሰሮ የወጣ የአንድ ዓመት ችግኝ፤ አንድ ረጅም ሥር ቁልቁል።]

ከዘር የጀመርንበት ጉዳይ እነሆ። ጊንኮ አንድ ወፍራም ሥር ቁልቁል ይሰድዳል። ለጫካ ዛፍ በረከት ነው፤ ለጠፍጣፋ የቦንሳይ ማሰሮ ግን አይመችም። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዓመት፣ ብርዱ አልቆ እንቡጦቹ ሲያብጡ፣ ችግኙን አውጡና ከዚህ ሥር ርዝመት እስከ ሲሶ ድረስ ቁረጡለት። ጎን ለጎን የወጡትን ቀጭን ሥሮች አትንኩ፤ ዙሪያውን እንደ ጃንጥላ ዘንግ ዘርጓቸው፤ በአንድ ወገን ብቻ የተከመሩ ከሆነ ለያዩዋቸው። አምስት ዓመት ቆይታችሁ ብትመጡ ይህን ሥራ መጋዝ ይዛችሁ ነው የምትሠሩት።

ግንዱ እንዲወፍር ደግሞ ሰፊ ማሰሮ ወይም መሬት ላይ ለዓመታት መልቀቅ ነው። ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ያለ ጊንኮ አይወፍርም። በዚህ ላይ የምጨምረው ነገር የለኝም፤ ተክላችሁ ሌላ ሥራ ያዙ። የታችኛውን የግንድ ክፍል ማጠማዘዝ ከፈለጋችሁ ግን ቀጭን ሳለ አድርጉት፤ የአልሙኒየም ሽቦ ጠምጥሙና በየሁለት ሳምንቱ ተመልከቱ። ልጡ ለስላሳ ነው፤ የሽቦ ጠባሳ ቶሎ ያበጅና አይለቅም።

[ምስል፦ የሻማ ነበልባል ቅርጽ ያለው የጊንኮ ቦንሳይ።]

ቅርጹን በተመለከተ አትታገሉት። ቅርንጫፎቹ ወደ ላይ መሄድ ይወዳሉ፤ ከታች ሰፋ፣ ወደ ላይ ሾጠጥ ያለው የሻማ ነበልባል ቅርጽ ለጊንኮ የተለመደው ለዚህ ነው። እንደ ጥድ ጠፍጣፋ ደረጃ ልሥራለት ያለ ሰው ከዛፉ ጋር ሲጨቃጨቅ ይኖራል። ቅጠሉም እንደልብ አያንስም፤ በጣም ትንሽ ዛፍ ላይ ያስቀይማል። አዲሱ ቀንበጥ አምስት ስድስት ቅጠል ሲይዝ ወደ ሁለት ወይም ሦስት መልሱት፤ የመጨረሻው እንቡጥ ወደ ውጭ የሚያይ ይሁን።

አንድ ጠባይ አለው፤ አንዳንዴ ቅርንጫፍ ያለ ምክንያት ይደርቅበታል። ብርድ ሲያልፍ ሌላው ሁሉ ሲያቆጠቁጥ አንዱ ዝም ይላል። ስለዚህ የዛፉን ውበት በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አትጣሉ፤ ተለዋጭ ይኑራችሁ። ደርቆ ከሆነ ጉቶ አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ ቁስሉን ለተቆረጠ ዛፍ በሚቀባ ልባስ ሸፍኑ።

ከታች ግን እልኸኛ ነው። ችግኙ ዘሩ ካለበት አካባቢ የተኙ እንቡጦች አሉት፤ ግንዱ ሲጎዳ ይነቃሉ። በጃፓን ካማኩራ በሚገኘው የቱሩጋኦካ ሃቺማንጉ መቅደስ የነበረው ዝነኛ ጊንኮ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ነፋስ ሲጥለው፣ ከቀረው ጉቶ አዲስ ቀንበጥ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1945 ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ከፈነዳበት አጠገብ ያሉ ጥቂት ጊንኮዎችም እንደዚሁ ዳግም አቆጥቁጠዋል። ችግኛችሁ ከላይ ቢደርቅባችሁ ለመጣል አትቸኩሉ፤ ከግርጌው ሦስት አራት ግንድ ሆኖ ቢመለስ ባለ ብዙ ግንድ ቦንሳይ ይወጣዋል።

[ምስል፦ ቅጠል የሌለው ቦንሳይ፤ ማሰሮው ከነፋስ የተከለለ ቦታ ላይ።]

የብርዱን ወራት ውጭ ይረፍ፤ ዕረፍት የማያገኝ ጊንኮ ይደክማል። ሥሩ ግን ወፍራምና ውሃ የሞላበት ነው፤ ማሰሮው ውስጥ ያለው አፈር ድንጋይ እስኪሆን ከቀዘቀዘ ሥሩ ይጎዳል። ብርዱ ሲበረታ ማሞቂያ የሌለው መጋዘን አስገቡት። በዚህ ጊዜ አፈሩ ከመድረቅ ይጠበቅ እንጂ አይራስ፤ የራሰ ሥር ይበሰብሳል።

ቅጠሉ ወርቃማ ይሆንና አብዛኛው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ እርግፍ ይላል። ያኔ ዛፉ ራቁቱን ሲሆን አጥንቱን አጥኑት፤ የሚቆረጠውን ቅርንጫፍ በባለ ቀለም ክር እሰሩበት። መቀሱን ግን እንቡጦቹ እስኪያብጡ አታንሱት።