ዕጩ ምርጫው ሳይደርስ ቢሞትስ? በእድራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ አባቶቼ እናቶቼ፣ ወንድም እህቶቼ፣ እንኳን ደና መጣችሁ። ከጠባሴ በእግር የመጣችሁም ከጫጫ በሌሊት ተነስታችሁ መኪና የያዛችሁም፣ በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ በሰዓቱ ስለተገኛችሁ እግዜር ይስጥልን። ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያነበዋል፣ ኦዲቱም ከሱ ቀጥሎ አለ፣ እኔ ማንሳት የፈለኩት አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፣ ዕጩ ሆኖ የቀረበ ሰው ምርጫው ሊደርስ ሲል ቢሞት ምን እናረጋለን የሚለው።

አምና የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ለገንዘብ ያዥነት ከቀረቡት ሁለት ዕጩዎች አንዱ ወንድማችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ምርጫው እሁድ ሊሆን ሐሙስ ሌሊት አረፈ። ጥሩምባ ነፊው ጎህ ሳይቀድ ዞረ፣ ለጉባኤው ያወጣነውን ድንኳን እሱ ደጅ ላይ ተከልነው፣ ስሙ ያለበት የድምፅ መስጫ ወረቀት ፎቶኮፒ ተደርጎ ተቆርጦ በፌስታል ታስሮ ተቀምጧል። ክርክሩ እዛው ለቅሶ ቤት ተጀመረ፣ አንዱ የቀረው ዕጩ በቃ አልፏል ይላል፣ ሌላው ምርጫው ይካሄድና ሟቹ ካሸነፈ ልጁ ይተካ ይላል፣ ሌላው እስከ አርባው ማንም ስለ ምርጫ እንዳያነሳ ይላል፣ ደንባችንን ብንገልጥ ስለዚ አንድ መስመር የለውም። በሽማግሌ ለሌላ ጊዜ አሳደርነው እንጂ ተጎድተናል። የቀረው ዕጩ በሰው ሞት ሊሾም ቋምጧል ተብሎ ተወራበት፣ እሱ ግን ቃሬዛ ሲሸከም ነበር የዋለው፣ ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ነገሩ በትልልቅ አገርም ይደርሳል። አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ በነሱ አቆጣጠር 2000 ላይ ለሴኔት የሚወዳደረው አገረ ገዢ ሜል ካርናሃን ምርጫው 3 ሳምንት ሲቀረው በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፣ ስም መቀየሪያው ጊዜ አልፎ ስለነበር ስሙ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ሕዝቡ መርጦት አሸነፈ፣ ወንበሩንም ባለቤቱ በሹመት ያዘችው። እንግሊዞች ደሞ 2005 ላይ ሳውዝ ስታፎርድሻየር በሚባለው ቦታ አንድ ዕጩ ሲሞትባቸው አገሩ ሁሉ ሜይ 5 ሲመርጥ የዛን ቦታ ብቻ ወደ ጁን 23 አዘዋወሩት። ሕንድም ድምፁን ያዘገያል፣ ዕውቅና ያለው ፓርቲ ዕጩ ከሆነ የሞተው፣ ፓርቲው ምትክ እንዲያቀርብ 7 ቀን ይሰጠዋል።

ለኛ የሚዙሪው አይሆንም። ሰው በሐዘኑ ሟቹን ይመርጣል፣ በማግስቱ ግን ለቀብር ብር የሚያወጣ ገንዘብ ያዥ የለንም፣ ልጁ ይተካ ማለትም እድርን የውርስ ቤት ማድረግ ነው። ኮሚቴያችን ወደ ሕንዱ ያዘነበለ ሐሳብ ነው ያዘጋጀው። የሟቹ ቦታ ምርጫ ብቻ ይዘገይ፣ ሌሎቹ በቀናቸው ይሁኑ፣ ሟቹን የጠቆሙት ሰዎች እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ድረስ ሌላ ሰው ያቅርቡ፣ ከዛ በኋላ በሚመጣው እሁድ እንምረጥ፣ የቀሩት ዕጩዎች እንደገና መጠቆም ሳያስፈልጋቸው ይቀጥሉ፣ እስከዛ ነባሩ ገንዘብ ያዥ ከኦዲተሩ ጋር እየፈረመ ያውጣ። ቀኑን የሚቆርጠው አስመራጭ ኮሚቴው ነው፣ ሊቀመንበሩ እጁን አያስገባ፣ እኔም ብሆን። አርባው ይጠበቅ የምትሉ እናቶች ሐሳባችሁ ይገባኛል፣ ግን በነዛ 40 ቀናት ውስጥ የሌላ ሰው ቤት ለቅሶ ቢገባ ተጠያቂው ማነው? ይሄንን ብቻ አስቡልኝ።

ዛሬ ያነሳሁት ዘንድሮ ምርጫ ስለሌለን ነው። የታመመ ዕጩ የለም፣ የሞተ ዕጩ የለም፣ ማንም ተነስቶ ይሄ ለእገሌ ተብሎ የወጣ ደንብ ነው ሊል አይችልም፣ አንዴ ሰው ከሞተ በኋላ ግን የፈለገ ጥሩ ደንብ ብታመጣ ለአንዱ ያደላ ነው የሚመስለው።

ረቂቁ ከሻይ በፊት ይታደላል፣ አንድ ገጽ ነው፣ ማንበብ ለሚቸግራቸው አባቶች ጎን ያላችሁ ልጆች አንብቡላቸው። ሌላ ሐሳብ ያለው እጁን ያውጣ፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ድምፅ የምንሰጠው ከምሳ በኋላ ነው።