ሰንበር

እንደምን አመሻችሁ። የማወራችሁ ከደሴ ነው፤ መስኮቱን ዘግቼም የጦሳ ተራራ ብርድ ይገባል። ድምፄ ቢጎረንን አትፍረዱብኝ።

ዛሬ ስለ ማይክል ስዊት ላውራችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከበሮ ከሚመታው ወንድሙ ከሮበርት ጋር ሆኖ ስትራይፐር የተባለውን የሜታል፣ ማለትም ጊታሩ የሚጮኽበት ኃይለኛ ሮክ፣ ባንድ ያቋቋመ ድምፃዊ ነው። ቢጫና ጥቁር መስመር ያለበት ልብስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ቆልለው፣ ስለ ክርስቶስ ይጮኻሉ፤ ከመድረክ ላይም አዲስ ኪዳን ወደ ሕዝቡ ይወረውራሉ። በ1986 ያወጡት አልበም አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

መጀመሪያ ሳያቸው ሣቄ መጣ። ቁርጥ ተርብ! ዓርማቸው ላይ ግን ኢሳይያስ 53፥5 ተጽፏል። ጥቅሱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ «በእርሱም ቁስል እኛ ተፈወስን» ይላል። ቁስልንና ቢጫ ሱሪን ምን አገናኛቸው? ቆይቶ ነው የገባኝ። በድሮው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቁስሉ የተጠራበት ቃል የልብስ መስመርም ነው፣ ጅራፍ ጀርባ ላይ ጥሎት የሚያልፈውም ምልክት ነው። እኛ ሰንበር የምንለው። ለካስ ሰውየው ሰንበር ለብሶ ኖሯል የሚዘፍነው። ከዚያ ወዲህ በልብሱ አልሣቅሁም። በፀጉሩ አሁንም እሥቃለሁ።

ሰባኪዎች የዲያብሎስ ሙዚቃ አሉት፤ የሜታል አድማጮች ደግሞ ሰባኪ ብለው አላገጡበት። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ። እኔም በመዘምራን ሳለሁ አንድ እሑድ ጊታሩን አስጮኽሁትና ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ጠሩኝ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ደንቆሮ አይደለም። ዝግ አድርገው» አሉኝ። ተናደድሁ። እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው የሚዘምሩት መዝሙር እኮ በባቲ ቅኝት ነው፤ በዚያው ባቲ አዝማሪው ስለ ፍቅር ያንጎራጉርበታል። ወሎ ውስጥ ቅኝቱን ማን ከስሶት ያውቃል? ይህን ሁሉ ያሰብሁት ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

በ1990 አልበማቸው ቢጫና ጥቁሩን አወለቁት። በ1992 ማይክል ባንዱን ለቆ ብቻውን መዝፈን ጀመረ፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ተሰባሰቡ። በ2009 ባለቤቱ በካንሰር ሞተች። እርሱ ግን ያንኑ ቢጫና ጥቁር እየለበሰ መድረክ ላይ ይወጣል። ከሚሊዮኑ ሽያጭ ይልቅ እኔን የሚይዘኝ ይህ ነው። በሃያ ዓመት ዕድሜ ሰንበር መልበስ ቀላል ነው፤ ጀርባህ ገና ምንም አልነካውም።

ባለፈው ሳምንት ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ጋሼ አጠገቤ ተቀመጡ። ዶሮ መዝለያ የሚባለው ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ አንዱን ማዳመጫ ሰጠኋቸው። ማይክል ያን ከፍተኛ ድምፁን ሲለቅቀው ደንገጥ አሉ።

«ምነው? ማን መታው?»

ነገርኋቸው፤ ስለ ጥቅሱም፣ ስለ ልብሱም፣ ስለ ባለቤቱም። ጠመዝማዛውን ጨርሰን ሜዳው እስኪታይ ድረስ ዝም አሉ።

«በል ዝግ አድርገውና ድገምልኝ» አሉኝ።